መጨረሻውን እያወቅሁ የማየው ድራማ

«ትዋይላይት ዞን» እያንዳንዱ ክፍሉ ራሱን የቻለ እንግዳ ታሪክ የሆነ የድሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ስለሱ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው መጨረሻው ነው። ሰው ክፍሎቹን የሚለያቸው «ያ መነጽሩ የሚሰበርበት»፣ «ያ ፋሻው የሚፈታበት» እያለ ነው። የድራማው ፈጣሪና ዋና ጸሐፊ ሮድ ሰርሊንግ ታሪክን መጨረሻው ላይ መገልበጥ ያውቅበታል፣ አይካድም። እኔ ግን የአብዛኞቹን መጨረሻ በቃሌ እያወቅሁ ነው ደግሜ የማያቸው። እዚህ አሜሪካ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ በቴሌቪዥን ሲያከታትሉት ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ድንጋጤው ካለቀ በኋላም የሚይዘኝ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ ለራሴ ልጽፈው ፈለግሁ።

የመነጽሩን ልውሰድ። ሄንሪ ቤሚስ ማንበብ የሚወድ፣ ሚስቱም አለቃውም መጽሐፍ የሚነጥቁት የባንክ ሠራተኛ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ካዝና ክፍሉ ውስጥ ተደብቆ ሲያነብ የኑክሌር ቦምብ ይወድቅና ከዓለም እሱ ብቻ ይተርፋል። መነጽሩ እንደሚሰበር ለማያውቅ ሰው፣ ከዚያ በፊት ያለው ትዕይንት እንዲሁ ደስ የሚል ነው። ለምናውቀው ግን አንጀት ይበላል። ሰውየው የፈረሰው ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ መጽሐፎቹን በየወሩ ይደረድራል፤ ይሄ የጥር፣ ይሄ የየካቲት፣ ይሄ የሚቀጥለው ዓመት። ቤሚስን የሚጫወተው በርጀስ ሜሬዲት ይህን ሲሠራ እጆቹ እንኳ ደስ ብሏቸዋል። እኔን መልሶ የሚጠራኝ ይሄ ድርደራ ነው።

ሰርሊንግ ማን እንደነበር ሳነብ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። በ1924 እ.ኤ.አ. ሲራክዩስ ተወልዶ ቢንግሃምተን በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ነው ያደገው። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ አየር ወለድ ሆኖ ፊሊፒንስ ዘመተ። ሌይቴ ደሴት ላይ ለተራቡት ወታደሮች ከአውሮፕላን የተጣለ የስንቅ ሳጥን ጓደኛውን ዓይኑ እያየ መትቶ ገደለው። እሱም ጉልበቱን ቆስሎ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ቅዠት ይዞ ተመለሰ። ከድራማዎቹ አንዱ ፊሊፒንስ ውስጥ በ1945 የሚሆን ነው፤ አንድ መቶ አለቃ የሚሞቱትን ወታደሮች አስቀድሞ ፊታቸው ላይ በሚያየው ብርሃን ይለያቸዋል። ያን ታሪክ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ሰው እንደዚያ የሚጽፈው አይመስለኝም።

ደግሞ የቴሌቪዥኑ ጣጣ አለ። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ኤሜት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በነጮች ተገደለ፤ ተከሳሾቹንም ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። ሰርሊንግ ከዚህ ተነስቶ ድራማ ጻፈ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ደንበኞች ይቀየማሉ ተብሎ ተፈራና በ1956 ሲተላለፍ ሟቹ ማንነቱ ያልታወቀ የውጭ አገር ሰው፣ ቦታውም ኒው ኢንግላንድ ሆኖ ተገኘ። በ1958 እንደገና ሞከረ፤ አሁን ደግሞ ታሪኩ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ተገፋና ሟቹ ሜክሲኳዊ ሆነ። የሳንሱር መቀስ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ እዚያ መቀሱን የያዘው ማስታወቂያ ከፋዩ ነበር። ኦክቶበር 2 ቀን 1959 «ትዋይላይት ዞን» ሲቢኤስ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጀምር ግን ሰርሊንግ ነገሩን ወደ ሌላ ፕላኔት፣ ወደ ሌላ ዘመን ወሰደው፤ ስፖንሰሮቹም ዝም አሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተሠሩት 156 ክፍሎች 92ቱን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። የሰው ልጅ ይህን ያህል የሚጽፈው መናገር ተከልክሎ ሲከርም ይመስለኛል።

የሜፕል ጎዳናውን ክፍል ሳይ ይሄ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ደህና ሰፈር ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ አይስክሬም ይሸጣል፤ መኪና ይታጠባል። አንድ ነገር በሰማይ ያልፍና መብራቱም ስልኩም መኪናውም ይቆማል። እኛ አገር መብራት ሲጠፋ ወጥተን የጎረቤት መስኮት እናያለን አይደል? «የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» እንላለን። የሰፈሩ ከሆነ እፎይ ነው። እነዚህ ሰዎችም እንደዚያው አብረው ደጅ ወጥተው ነበር። ችግሩ የአንዱ ጎረቤት መኪና ብቻዋን መነሳቷ ነው። ከዚያ በኋላ ይሄኛው ለምን ሌሊት በረንዳ ላይ ቆሞ ሰማይ ያያል፣ ያኛው ለምን ምድር ቤት ሬዲዮ ይሠራል፣ እያሉ ትናንት ቡና ያጠጣቸውን ሰው ይመረምሩታል። ሲመሽ፣ ሌላ መንገድ ላይ መብራት እንዳለ ሊያጣራ ሄዶ የነበረውን ጎረቤታቸውን በጨለማ ሲመጣ አይተው ተኩሰው ይገድሉታል። ኮረብታው ላይ ሆነው የሚያዩዋቸው፣ ከሌላ ፕላኔት የመጡት እንግዶች የሠሩት መብራት ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው።

ይህ በ1960 የተሠራ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በስሙና በአነጋገሩ መጠርጠር ሲጀምር ሰፈር ምን እንደሚመስል እኛ ከማንም ሰምተን አይደለም የምናውቀው። ስለዚህ ያን ክፍል ሳይ እንግዶቹ አያስፈሩኝም። የሚያስፈራኝ «እኔ እኮ ምንም አላልኩም፣ ዝም ብዬ ጠየቅሁ እንጂ» የሚለው ሰውዬ ድምፅ ነው።

ሁሉም ክፍል እንደዚህ ነው አልልም። ሊያስቁ የተሠሩት ብዙም አያስቁኝም። አራተኛውን ዙር ወደ አንድ ሰዓት ያስረዘሙት ጊዜም ታሪኮቹ ላልተዋል፤ የግማሽ ሰዓቱ ጥበት ነበር የሚያበረታቸው። ጥቁርና ነጭ መሆኑም ጉድለት ሆኖ አይታየኝም። ፊቷ በፋሻ የተጠቀለለው ሴት ክፍል ላይ ካሜራው የሐኪሞቹን ፊት በጥላ ደብቆ እስከ መጨረሻው ያቆየናል፤ በቀለም ቢሆን ያ ጥላ እንዲያ የሚከብድ አይመስለኝም።

እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም። ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ አንድ ማታ ጥር 1962 የተላለፈውን አብረን አየነው። አንዲት አሮጊት ሊፈርስ በተወሰነ ሕንጻ ውስጥ በሯን ቆልፋ ትኖራለች፤ ሞት ሰው መስሎ ይመጣብኛል ብላ ለማንም አትከፍትም። አንድ ወጣት ፖሊስ ደጃፏ ላይ በጥይት ተመትቶ ይወድቅና እርዱኝ ይላል። እኔ መተርጎም ስጀምር እማዬ ቀድማኝ ለሴትየዋ መመለስ ጀምራ ነበር። «ክፈችለት እንጂ! ደሙ እየፈሰሰ እኮ ነው።» ሴትየዋ ፈርታ ፈርታ ከፈተችለትና አስገብታ አስተኛችው። በኋላ ሕንጻውን የሚያፈርሰው ሰውዬ በሩን ገፍቶ ይገባል፣ ያስጠነቅቃታል፣ ይሄዳል። እኔ ስለ ማፍረሱ ሳስረዳት እማዬ ሌላ ነገር ይዛለች።

«አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ የተኛውን ልጅ እንዴት ሳያየው ወጣ?»

መልሱ ገና አልተነገረም ነበር። እኔ ይሄን ክፍል መጀመሪያ ሳየው መስታወቱ ላይ የልጁ መልክ እስኪጠፋ ድረስ ጠብቄ ነው ሞት እሱ ራሱ መሆኑ የገባኝ፤ እማዬ ቋንቋውን ሳታውቅ ደረሰችበት። ወጣቱ እጁን ዘርግቶ «እናቴ፣ እጅሽን ስጪኝ» ሲላት ተረጎምኩላት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ትስጠው፤ ደክሟታል» አለች። አሮጊቷን የተጫወተችው ግላዲስ ኩፐር ያን ጊዜ 73 ዓመቷ ነበር። ወጣቱን የተጫወተው ሮበርት ሬድፎርድ 25። እሱም በ2025 አረፈ፤ ያን ቀን ያ የተዘረጋ እጁ ነው ፊቴ የመጣው።

በማግስቱ እማዬ «ሌላ የለም ወይ?» አለችኝና ማርቲን ስሎን የሚባለውን ሰው ክፍል አሳየኋት። 36 ዓመቱ ነው፣ ሥራ አታክቶታል፤ ወዳደገባት ከተማ በእግሩ ሲገባ ልጅነቱ እንዳለ ይጠብቀዋል፣ እናቱ፣ አባቱ፣ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች። አባትየው የኪስ ቦርሳውን አይቶ ልጁ መሆኑን ያምናል። ከዚያ ግን በፍቅር፣ ይሄ በጋ የሌላኛው፣ የትንሹ ማርቲን ነው፣ ሂድ ይለዋል። ማርቲንም ይሄዳል።

እማዬ ተቆጣች። «ልጁ መሆኑን ካመነ ለምን አያሳድረውም? ራት እንኳ ሳይበላ?»

ካደረ እንደማይመለስ፣ የትንሹን ልጅ ድርሻ እንደሚሻማበት አስረዳኋት። ሰርሊንግ እዚህ ላይ ልክ ነው ባይ ነኝ፤ እንዲያውም ከ156ቱ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። እማዬ ግን እስካሁን አልተስማማችም፤ ስደውልላት አልፎ አልፎ «ያ አባት» እያለች ታነሳብኛለች።