የተቃጠለው ጀልባና የአንድ ብር ሳንቲም

ጅማ ላይ ጀልባ ጠገንኩ ስል ሰው ይስቃል። አይፈረድበትም። የዘወትር ሥራዬ የባጃጅ ግንባርና የሚኒባስ ፓራውልት ነው። አምና ግን አንድ ሀጂ ከግልገል ጊቤ ግድብ የፋይበር ጀልባቸውን በአይሱዙ ጭነው ከተፍ አሉ። የኋላው በኩል ጠቁሯል። «አብሽር፣ ላዩን ነው የለበለበው» አሉኝ።

እኔም አመንኩ። ጥቁሩን ፍቄ፣ ሁለት ድርብ ፋይበር ለጥፌ፣ ስቱኮ መትቼ ቀለም ልቀባ። ግራይንደሩን ሳሳርፍበት ግን ከስር የመስታወት ጨርቁን የሚያጣብቀው ሙጫ፣ ሬዚን የሚባለው፣ የለም። ጨርቁ ብቻ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ የተሠራበት መስታወት ለመለስለስ ከ800 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ተራው ፖሊስተር ሬዚን ግን 100 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይላላል፤ ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ራሱ ማገዶ ይሆናል። ባሕር ባላቸው አገሮች ያን ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት የፋይበር ያት፣ የመዝናኛ ጀልባ ማለት ነው፣ እሳት ሲይዘው እስከ ውሃው ልክ ነዶ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ውሃ ላይ ተቀምጦ መቃጠል!

ያስደነገጠኝ ግን ጥቁሩ አልነበረም። ነጩ ነው። ምንም ያልነካው የሚመስለውን ጎን በአንድ ብር ሳንቲም መታ መታ አደረግሁት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ «ቃ» ይላል። ትንሽ ጠጋ ስል «ዱብ»። ድርቡ ከውስጥ ተላቅቋል። «ዱብ» ያለበትን ሁሉ በጠመኔ እያከበብኩ ስሄድ፣ ክቡ ከጥቁሩ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወጣ። ሀጂ ጠመኔውን አይተው ዝም አሉ። ዋጋው እንደሚጨምር ገብቷቸዋል።

ሁሉንም ቆረጥኩት። የቀረውን ጠርዝ ከውፍረቱ 12 እጥፍ እያሰፋሁ አሾልኩት፤ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው 6 ሴንቲሜትር ማለት ነው። አዲሱ ፋይበር የሚጨብጠው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የጅማ ክረምት መጣ። ብርድና እርጥበት ስለሆነ ሬዚኑ አልደርቅ አለኝ። ለኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም የሚበቃውን ማድረቂያ፣ ሃርድነሩን፣ በዓይኔ ገምቼ ጨመርኩ። የተረፈው ጣሳ ውስጥ እንዳለ በራሱ ግሎ መጨስ ጀመረ፤ አጠገቡ ደግሞ አሴቶን የሚባል ቶሎ የሚነድ ማጽጃ የነካ ጨርቅ ተከምሯል። ጣሳውን በጉጠት ይዤ ወደ ደጅ ሮጥኩ። የተቃጠለ ጀልባ ልጠግን ቤቴን ላቃጥል ነበር። ዛሬ ሚዛን አለኝ፤ የተረፈውንም ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጌ እዘረጋዋለሁ።

የእሳቱ መነሻ ቀላል ነበር። ከባትሪው ወደ ውሃ መምጠጫው የሚሄደው ሽቦ ፊውዝ የለውም፤ ብሎን ላይ እየተፋተገ ተልጧል። ከስሩ ክዳኑ የላላ የቤንዚን ጀሪካን ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ሜዳ ላይ ንፋስ ይወስደዋል፤ ጀልባ ግን ሳፋ ነው፣ ታች ይተኛበታል። ልጆቹ ውሃ ሲደፉበት ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን አሰፋው። ያጠፋው የዳር አሸዋ ነው። ደግነቱ የተጎዳ ሰው የለም።

አንድ ነገር ግን አምልጦኛል። ሀጂ በሁለት ሳምንታቸው «የፊቱ መብራት እምቢ አለ» ብለው ተመለሱ። እሳቱ ፊቱ ጋ አልደረሰም። የሽቦ ፕላስቲክ ጭስ ግን ደርሷል፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆንና ብረት ይበላል። ማያያዣዎቹ አረንጓዴ ሆነው ነበር። መጀመሪያ ቀን ጥላሸቱን በሳሙና አጥቤ ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር። በነፃ ቀየርኩላቸው።

ለመሄድ ሲነሱ ከኪሳቸው አንድ ብር አውጥተው ጥገናዬን መቱት። «ቃ» አለ። ፈገግ አሉ። በር ላይ አምና የሠራሁት ባጃጅ ቆሟል፤ እሱንም ግንባሩን መታ አደረጉት።

«ዱብ።»

«ይሄስ?» አሉኝ።