ካቲኖንን ግራና ቀኝ መለየት፦ የት ደረስኩ?

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። ስታገልበት የከረምኩት ክራውን ኢተር፣ ማለትም ሌላ ሞለኪውል የሚይዝ ቀለበት መሰል ሞለኪውል፣ በስሌት ደረጃ የካቲኖንን ሁለት መልኮች መለየት ጀምሯል። መልኮቹ እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው፤ አር እና ኤስ ይባላሉ። ይበልጥ ያስደሰተኝ ደግሞ ዝቅተኛ ጉልበት ያለውን ቅርጽ ፍለጋውን ደግሜ ሳስኬደው ውጤቱ አለመገልበጡ ነው።

ለምን ካቲኖን? ድሬዳዋ ተቀምጦ ሌላ ምሳሌ ፍለጋ መዞር ምን ይሉታል! የአወዳይ ጫት በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ኤስ ካቲኖን ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ካቲን እየተለወጠ ኃይሉ ይቀንሳል። የጫት መኪና እንደዚያ የሚበረው አለምክንያት አይደለም። ንጥረ ነገሩ ራሱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ የእኔ ሥራ ከኮምፒውተር አይወጣም።

በጅምሩ አላሰለቻችሁም፦ አቮጋድሮ በተባለው ፕሮግራም ሞለኪውል መሳል፣ የ1987ቱን ኖቤል የተካፈሉትን የክራምን፣ የሌንንና የፔደርሰንን ሥራ ማንበብ። 18-ክራውን-6 የተባለው ክራውን ኢተር እንደ ካቲኖን ያለ ፕሮቶን የተቀበለ አሚንን በሦስት የሃይድሮጅን ቦንድ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ግን ግራውንም ቀኙንም እኩል ነው የሚይዘው። የሚለየው ቀለበቱ ሳይሆን አጠገቡ የሚቆመው ግድግዳ ነው። ክራም ባይናፍትልን፣ ማለትም የተያያዙ ሁለት ናፍታሊኖችን፣ የመረጠው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ የናፍታሊን ገጾች አንዱ ከቀለበቱ በላይ፣ ሌላው በታች ይቆማሉ፤ እርስ በርስ ተላልፈው መዞር አይችሉም። ተቀባዩ (ያዡ ሞለኪውል) ባለ ሲ2 ሲሜትሪ ስለሆነም፣ ማለትም በግማሽ ዙር ሲዞር ያው ስለሆነ፣ እንግዳው (የሚያዘው ካቲኖን) ከላይ ገባ ከታች ያው ነው፤ ስሌቱ በግማሽ ይቀላል። ሲሜትሪ በሌለው ተቀባይ የሚጀምር ሰው ካያችሁ ምከሩት።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንዱን መልክ ከሌላው 10 እጥፍ አስበልጦ ለመያዝ 5.7 ኪሎጁል በሞል የጉልበት ልዩነት ይበቃል፤ ለ2 እጥፍ 1.7 ብቻ። የስሌት ዘዴው ስህተት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ደግነቱ ብቻቸውን ያሉት አር እና ኤስ ጉልበታቸው እኩል ነው፤ ተቀባዩም አንድ ነው። ስለዚህ የሚወዳደሩት ሁለቱ ጥምረቶች (ተቀባዩ ከአር፣ ተቀባዩ ከኤስ) ብቻ ናቸው፣ ስህተቱም በከፊል ይጣፋል። የማይጣፋው የቅርጽ ፍለጋው ጉድለት ነው። ቀለበቱ ይተጣጠፋል፣ ፌኒልና ካርቦኒል የተባሉት የካቲኖን ክፍሎች ይዞራሉ፤ በአንድ ቅርጽ ብቻ ማወዳደር ዕጣ መጣል ነው።

ከሁሉ የምወደው መፈተሻ እዚህ ይገባል። ጥምረቱን እንዳለ በመስታወት ገልብጡት፦ የመጀመሪያው አር ተቀባይ ከኤስ ካቲኖን ጋር ከነበረ፣ አሁን ኤስ ተቀባይን ከአር ካቲኖን ጋር አድርጋችሁ ከባዶ ፈልጉ። የሁለቱ ዝቅተኛ ጉልበት የግድ እኩል መሆን አለበት። ከተለያየ፣ ቢያንስ አንዱ ፍለጋ ዝቅተኛውን ቅርጽ አላገኘም፤ ክፍተቱም የፍለጋችሁ ጉድለት ቢያንስ ስንት ኪሎጁል እንደሆነ ይነግራችኋል። ከተለየ መነሻ ቅርጽ ጀምሩ እንጂ የድሮውን ፋይል ገልብጣችሁ አትስጡት። እኔ ፍለጋውን በክረስት፣ ጉልበቱን በኤክስቲቢ አሠራለሁ፤ ሁለቱም ከቦን የግሪመ ቡድን የወጡ ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው።

ዶኪንግን፣ ማለትም አንድ ሞለኪውል ሌላው ውስጥ እንዴት እንደሚገጥም በነጥብ የሚገምተውን ፈጣን ዘዴ፣ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ለፕሮቲን የተሰናዳ ነጥብ አሰጣጥ እንዲህ ያለ ቀጭን ልዩነት አያይም። ተቀባዩና እንግዳው በሦስት ቦታ ሲገጥሙ የሚያሳየው፣ በቀስት ያሸበረቀ የሦስት ነጥብ ሥዕልም ያው ነው። ኢሰንና ስቴድማን በ1933 ያቀረቡት ሐሳብ ለምን እንደሚለይ ያስረዳል፤ በስንት እንደሚለይ ግን አይናገርም።

ይህን ሁሉ እያልኩ እኔ ራሴ አኒዮኑን፣ ማለትም ፕሮቶን ከተቀበለው አሚን ጋር ጨው የሚሠራውን ባለ ኔጌቲቭ ቻርጅ አጋር፣ ትቼዋለሁ። ክሎሮፎርም ውስጥ ጨው ተነጣጥሎ አይሟሟም፤ አኒዮኑ፣ ለምሳሌ ፐርክሎሬት፣ አሚኑ አካባቢ መለጠፉ አይቀርም። እሱ ሲገባ ግን ስሌቱ ይንዛዛል። የድሬ የቀን ሙቀት ላፕቶፑን ስለሚያንቀራፍፈው ሌሊት ነው የማስኬደው፤ መብራት ከሄደ ደግሞ የሌሊቱ ድካም አብሮ ይሄዳል። እናንተ ጠንካራ ማሽን ካላችሁ አስገቡት።

ቀጥሎ በባይናፍትሉ 3 እና 3′ ቦታዎች ላይ ሜቲል እጨምራለሁ፤ ክራም ይህን ሲያደርግ የመለየት አቅሙ ጨምሮለታል። ኤንኤምአር (ሞለኪውልን በማግኔት የሚመረምር መሣሪያ) የምታገኙ ካላችሁ፣ ካቲኖን ሳትነኩ በ1-ፌኒልኤቲልአሚን ጨው መሞከር ይቻላል፤ የቅርጽ ፋይሎቹን እልካለሁ። ውጤት ስትልኩልኝ ግን ጆብ ፕሎት (ስንት ለስንት እንደተያያዙ የሚገምት ግራፍ) ይቅርባችሁ፤ የታይትሬሽኑን፣ ማለትም አንዱን በሌላው ላይ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ የለካችሁትን፣ ጥሬ ቁጥሮች ላኩልኝ።