ግሎባል ቫሪያብሎቼን መቆለፍ ጀምሬያለሁ

የኮድ ልምምዴ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። የያዝኩት ፕሮጀክት የሮቶ ውሃ መቆጣጠሪያ ነው። ሴንሰሩ የውሃውን ከፍታ ይለካል፣ አርዱዊኖ ኡኖ የምትባለው ትንሽ በኮድ የምትታዘዝ ቦርድ ፓምፑን ታበራለች፣ ታጠፋለች። ኮዱ አናት ላይ ግሎባል ቫሪያብሎች (ከየትኛውም የኮዱ ክፍል የሚደረስባቸው፣ ስም የተሰጣቸው ዋጋዎች) ተደርድረዋል፦ የፒን ቁጥሮች፣ ፓምፑ የሚቆምበት ከፍታ፣ አሁን ያለው ከፍታ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጡ መልእክቶች።

ሰሞኑን ሁሉም ላይ «ኮንስት» (const፣ ዋጋው እንዳይለወጥ የሚቆልፍ ቃል) ጨመርኩና ኮምፓይል አደረግኩ፤ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ አስቀየርኩ። ኤረሩ ዘነበ! የፈለግኩትም ይሄንኑ ነበር። ኮምፓይለሩ የጮኸባቸው ፕሮግራሙ እየሠራ የግድ የሚለወጡት ናቸው። ከእነሱ ላይ አነሳሁት፤ የቀሩት እንደተቆለፉ ናቸው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? የአሁኑን ከፍታ ፓምፑ ከሚቆምበት ከፍታ ጋር ለማነጻጸር ሁለት የእኩል ምልክት (==) ያስፈልጋል። አንዱ ከተረሳ ማነጻጸሩ ቀርቶ ዋጋ መስጠት ይሆናል። የሚቆምበት ከፍታ በግራ በኩል ከተጻፈ ደግሞ የአሁኑን ከፍታ ይወስድና ፓምፑ ሮቶው ሳይሞላ ይቆማል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀልድ አይደለም። ኮንስት ካለ ግን ኮዱ ጭራሽ ኮምፓይል አይሆንም።

ጊዜ የወሰደብኝ ፖይንተር ነው፤ ጽሑፉ ሜሞሪ ውስጥ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም፣ በኮከብ ምልክት (*) የሚጻፍ ቫሪያብል ማለት ነው። ኮንስት ከኮከቧ በፊት ከመጣ የተቆለፈው ጽሑፉ ነው፤ ፖይንተሩ ራሱ ወደ ሌላ ጽሑፍ መዞር ይችላል። ከኮከቧ በኋላ ከመጣ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ለመልእክቶቹ ሁለቱንም ስለፈለግኩ ሁለት ቦታ ጻፍኩት። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ነገሩን በጣም ያቀልለዋል፣ ሞክሩት።

ጃቫስክሪፕት የምትጽፉም ብትሆኑ አትዘናጉ። እዚያ ኮንስት የሚያስረው ስሙን ብቻ ነው፤ አሬይ (የዋጋዎች ዝርዝር) ውስጥ እንደልብ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ፓይተን ላይ ስሙን በትልልቅ ፊደል መጻፍ የይሉኝታ ጉዳይ ነው፣ የሚከለክል የለም። ከ3.8 ጀምሮ «ፋይናል» መጥቷል፤ እሱም ቢሆን እንደ ማይፓይ ያለ መፈተሻ ካልተጠቀማችሁ ፕሮግራሙን አያስቆመውም።

እንደኔ እንደኔ ግን ኮንስት ግሎባል ለማብዛት ሰበብ መሆን የለበትም። የሚለወጡትን አንድ ስትራክት (ብዙ ቫሪያብሎችን በአንድ የሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ሰብስቤ ለፈንክሽኖቹ ላቀብላቸው አስቤያለሁ።

ሌላው የቀረኝ ሥራ ሜሞሪ ነው። ኡኖ R3 ያለው ራም (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) 32 ነው። መልእክቶቹ ኮንስት ቢሆኑም ፕሮግራሙ ሲነሳ ወደ ራም ይገለበጣሉ። ፍላሽ ላይ እንዲቀሩ «ፕሮግሜም» ያስፈልጋል። ቀጥሎ የምነካካው እሱን ነው፤ የሞከረ ካለ ጽሑፍ ሲነበብ ምን እንደሚቀየር ይንገረኝ።