ከቁልፍ በፊት ሜትር፦ ሞተር ሳይክሌን ለክብደቴና ለጭነቴ ያስተካከልሁበት መንገድ

ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ ሞላዎቹ የሚመረጡት መካከለኛ ክብደት ኖሮት ብቻውን ለሚነዳ ሰው ታስቦ ነው። እኔ ከነሙሉ የመንዳት ልብሴ ወደ 92 ኪሎ ግራም እመዝናለሁ፤ አልፎ አልፎም ሰው አፈናጥጬ፣ ሻንጣ ጭኜ ረጅም መንገድ እሄዳለሁ። በዚህ ምክንያት የኋላው ሾክ አብዞርበር ጠንከር ያለ ጉብታ ባገኘ ቁጥር እስከ መጨረሻው ገብቶ ይጋጭ፣ ኩርባ ላይም ሞተሩ ካሰብሁት መስመር ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ቁልፍ አንሥቶ የኋላውን ሞላ ያጠብቃል። እኔ ከቁልፉ በፊት ሜትር ማንሣትን መረጥሁ።

በሞላው ላይ ያለውን ቀለበት ማጥበቅ፣ ማለትም ፕሪሎድ መጨመር፣ ሞላውን ጠንካራ እንደሚያደርገው በሰፊው ይታመናል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጥቅልሉ ወጥ የሆነን ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል ቀለበቱ ቢጠብቅም ቢላላም ያው ነው። የሚለወጠው ሞተሩ የሚቆምበት ከፍታ ብቻ ነው። ቀለበቱ ሲጠብቅ ሞተሩ ከነነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቆም ሾኩ ወደ ውስጥ የሚገባበት ርቀት ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ጎማው ወደ ጎድጓዳ ሲወርድ የሚዘረጋበት ርቀት ያንሳል። ሾኩ ጉብታውን መዋጥ ብቻ ሳይሆን ጎድጓዳውንም መከተል ስላለበት፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ ሞላ ያለው ሞተር ጎማው መሬት እየለቀቀ ይዘልላል።

ስለዚህ የሚለካው ሞተሩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቼ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ ከጎማው መሐል ቀጥታ ወደ ላይ በመቀመጫው ሥር እስከ ለጠፍሁት ምልክት ድረስ 600 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሞተሩ መሬት ላይ በራሱ ክብደት ሲቆም 582፣ እኔ ልብሴን ለብሼና እግሮቼን መርገጫው ላይ አድርጌ ስቀመጥበት ደግሞ 545 ሆነ። አንድ ጓደኛዬ መሪውን ይዞልኝ ሌላው ሜትሩን ያነብ ነበር። ለብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ ነጂው ራሱ ጎንበስ ብሎ ሊያነብ ሲሞክር ክብደቱ ስለሚዛወር ቁጥሩ ይዛባል። በተጨማሪም የዘይት መከላከያ ጎሚኒዎቹና መጋጠሚያዎቹ ስለሚይዙት፣ ሞተሩ ወደ ታች ተጭኖ በቀስታ ሲለቀቅና ወደ ላይ ተነሥቶ ሲለቀቅ የሚቆምበት ከፍታ አንድ አይደለም። የጻፍኋቸው ቁጥሮች የሁለቱ አማካይ ናቸው።

ሞተሩ በራሱ 18፣ ከእኔ ጋር 55 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። የኋላው ጎማ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 130 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ነጂው ሲቀመጥ ከዚያ ውስጥ ሲሶ ገደማ መውረዱ ለአብዛኛው የመንገድ ሞተር ተስማሚ ነው፤ የእኔ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ቀለበቱን አጥብቄ ወደ 40 ሚሊ ሜትር አመጣሁት። ለዚህ ቀለበቱ 15 ሚሊ ሜትር መውረድ አላስፈለገውም፤ ሾኩ የኋላውን ጎማ ከሚይዘው ክንድ ጋር በማንሻ ስለሚገናኝ ቀለበቱ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጠብቅ ጎማው ዘንድ የሚታየው ለውጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ነገር ግን ሞተሩ በራሱ ክብደት የሚወርደው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ከሁሉም ቁጥሮች ብዙ የነገረኝ ይህ ነው። ሞላው እኔን ለመሸከም ያን ያህል መጨመቅ ካስፈለገው ለክብደቴ ለስላሳ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ከነነጂው ያለው ልክ ሆኖ ሞተሩ በራሱ ብዙ ዝቅ የሚል ከሆነ ሞላው ለዚያ ሰው ጠንካራ ነው። ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። አንድ አምስተኛ ያህል የሚጠነክር ሞላ አስገብቼ ቀለበቱን አላላሁትና ከእኔ ጋር 39፣ በራሱ 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ከውድ ሾክ በፊት ለትክክለኛ ሞላ መዋል አለበት ባይ ነኝ።

የፊቱን በተመሳሳይ መንገድ ለካሁ፤ ከላይ ያለውን ማስተካከያ ትንሽ ማጥበቅ በቂ ነበር። ኋላው ከፍ ሲል ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ፊቱ መለካት ያለበት ኋላው ካለቀ በኋላ ነው።

ሪባውንድን፣ ማለትም ሾኩ ተጨምቆ የሚመለስበትን ፍጥነት፣ የነካሁት ከዚህ በኋላ ነው። ብሎኑን በካቻቪቴ እስከ መጨረሻው በቀስታ ዘግቼ ስንት ጠቅታ እንደነበረ መዘገብሁ፤ ያ ቁጥር ከሌለ መመለሻ የለም። ከዚያ መቀመጫውን በኃይል ጫን አድርጌ ስለቀው ሞተሩ በአንድ እንቅስቃሴ ተመልሶ እንዲቆም፣ አልፎ ሄዶም እንዳይወዛወዝ አደረግሁት። ከመጠን በላይ ከተዘጋ በተከታታይ ጉብታዎች ላይ ሾኩ ለመመለስ ጊዜ ስለሚያጣ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ይህንም ብዙዎች ከሞላ ድክመት ጋር ያምታቱታል። ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን፣ የመጨረሻውን ፍተሻ ከተነዳ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ሰው ሳፈናጥጥ አብዛኛው ተጨማሪ ክብደት የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። ኋላው ሲወርድ የፊት ጎማው ሹካ አንግል ይዘረጋል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ እያበራ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ሁለታችንም ተቀምጠን እንደገና እንለካለን፤ ያንን የቀለበት ቦታ በቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። በጥልቀት የተጨመቀ ሞላ የሚመልሰው ኃይል ስለሚበልጥ ሪባውንዱን በሁለት ጠቅታ እዘጋለሁ፤ የጎማውንም ንፋስ የመመሪያው መጽሐፍ ለሙሉ ጭነት ወዳዘዘው አደርሳለሁ። ከባዱን ዕቃ ከኋላው ጎማ መሐል አልፎ እንዳይንጠለጠል ወደ ፊት አስጠግቼ አስራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የተንጠለጠለ ዕቃ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋልና፣ ይህን ሞላ አያስተካክለውም።

ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ካቴናውም ይታያል። የፊተኛው ጥርስ፣ የክንዱ ማጠፊያና የኋላው ጎማ መሐል በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ካቴናው በጣም ይወጠራል፤ ከጭነት ጋር ሞተሩ ወደዚያ ቦታ ስለሚቀርብ፣ ባዶውን ልክ የመሰለ ካቴና ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሊወጠር ይችላል። የጎን ማቆሚያውም እንዲሁ ነው፤ ኋላው ከፍ ሲል ሞተሩ ይበልጥ ያዘነብላል፣ ተጭኖ ሲወርድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በትንሽ ግፊት ወደ ሌላኛው ጎን ሊወድቅ ይችላል።