አሥራ ሦስተኛው መደብ

እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የገና ቅርጫ በሬ ተገዝቷል። ዘንድሮም የምናዋጣው 12 ሰዎች ነን፤ ሲታረድ የሚደለደለው ግን 13 መደብ ነው። በዚህ በዓል ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህችው ስለ ተረፈችው መደብ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ታመመች። ጡቷን ነው ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ አልነበረም፤ ሁላችንም «ደረቷን አሟት» ነበር የምንለው። እብጠቱን ካገኘችው ወራት አልፈው ነበር። አላመማትም፤ ያላመመ ነገር ደግሞ በአጨዳ ወቅት ማንንም ሐኪም ቤት አያስሄድም። የዚህ በሽታ ተንኮሉም ይኸው ነው፤ የጡት ካንሰር እብጠት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ሆኖ ሳለ ስሙን ለመጥራት እናፍራለን። በመጨረሻ «ልጄ፣ ሐኪምንም የፈጠረ እርሱ ነው፤ ጠበሉን ያዢና ሂጂ» ብለው የላኳት የጠበሉ አባት ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በዚያው ዓመት ለገና ሥጋው ሲደለደል አራጁ፣ ማንንም ሳያማክር፣ አንድ መደብ ጨመረ። «ለልጆቿ ነው» አለ። ከየመደባችን ትንሽ ትንሽ ጎደለ እንጂ ቅር ያለው ሰው አላየሁም። ይሁን እንጂ ያንን ሥጋ ይዘን ቤቷ ስንገባ ነው ችግሩ የገባን። እናት አዲስ አበባ ናት፤ አባት ለትኬት ጥጃ ሸጧል፤ ጤፉ ሳይታጨድ እየረገፈ ነው። የጤና መድን ደብተር ነበራት፤ ደብተር ግን አውቶቡስ አያሳፍርም፣ ቤትም አይከራይም። ኬሞቴራፒው በየ21 ቀኑ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ በዚያ አቅም ተመልሶ መምጣት። (መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ ዛሬ በዓል ነውና እሱን እንለፈው።) ጨረር ሲታዘዝ ደግሞ ይብሳል። ከሳምንቱ አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሙሉ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር ስታስቡት፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው የት እያደረ ይታከም እንደነበር ገምቱ። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ በማዘጋጀታቸው የስንቱን ቤት እንደደገፉ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ከዓመት በኋላ 13ኛውን መደብ በጨረታ መሸጥ ጀመርን። ድሮ ቢሆን ቆዳውም ገንዘብ ነበር፤ አሁን ቆዳ የሚገዛ ጠፍቷል። ከሥጋው ይልቅ ብዙ ያስገኘው ግን አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነው። የገዛው ሰው «መልሼ ሰጥቻለሁ» አለ፤ ሁለተኛውም ገዝቶ መለሰው፤ አራት ጊዜ ተሸጦ ማንም ሳያርደው ያንን ገና በሕይወት አለፈ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከቅርጫው ባይገቡም ከዶሮው ጨረታ አልቀሩም።

ስሕተትም ሠርተናል። የመጀመሪያውን ገንዘብ ለባልየው በእጁ ሰጠነው፤ እርሱም የማዳበሪያ ዕዳ ከፈለበት። ተቆጣንና ሽማግሌ ተላከ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ የእርሱ ሥራ ሳይሆን የእኛ ቁጣ ነው፤ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር የእርሻ በሬው ሊሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ እናስቀምጣለን፤ ትኬቱንና የቤት ኪራዩን ራሳችን እንከፍላለን፤ ሒሳቡም በዕድሩ ስብሰባ ይነበባል። አጨዳውና ውቂያው ደግሞ በደቦ ነው፤ እሱ ገንዘብ አይፈልግም፣ ጠላ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ከዶሮና ከቅቤ ጋር አንድ ነገር አስቡልኝ። ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ለአንዲት ታካሚና ለአስታማሚዋ አምስት ሳምንት ማስጠጋት ቢችል፣ ከብዙ ጨረታ የሚበልጥ ነው። በዚህ ወር አንዲት ከደጀን በኩል የምትመጣ እናት አለችን፤ ክፍል ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ጎረቤታችን ድና ተመልሳለች። ከ12ታችን አንዱ ወደ ባሕር ዳር ስለ ሄደ በእርሱ ምትክ ገንዘቧን ቆጥራ ሰጥታ ገብታለች፤ «ዘንድሮ የምበላው ከፍዬ ነው» ብላ። ዕጣውን የሚጥለው ትንሹ ልጇ ነው። ሁላችንም ቁልፍ፣ ስንጥር፣ የጠርሙስ ክዳን እንሰጠዋለን፤ ፊቱን አዙሮ ይቆይና በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። እርሷ የሰጠችው ምልክት ያለቀ የክኒን ማሸጊያ ነው። በሽታው እንዳይመለስ በቀን አንድ፣ ለአምስት ዓመት ታዞላታል፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል።

መልካም በዓል!