ኤክሴል የማያውቃት ጥቅምት 30

አርብ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። የደወለው በሥራ የምንተዋወቅ ሰው ነው። እሱም እንደኛ ለመሥሪያ ቤቶች የጽሕፈት መሣሪያና የፕሪንተር ቀለም ያቀርባል። ጨረታ ላይ እንፎካከራለን፣ ከዚያ ወጥተን አብረን ቡና እንጠጣለን።

«ዛሬ ምነው ቀራችሁ?» አለኝ።

«ከየት?»

ትንሽ ዝም አለ። «ሳጥኑ 4 ሰዓት ላይ ታሸገ እኮ! አሁን ፖስታ ሊከፍቱ ነው። የእናንተን ሳጣው ጊዜ ነው የደወልኩት።»

የምለው ጠፋኝ። ፖስታችን እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዋጋው ተሞልቷል። ኦሪጅናሉና ኮፒው ለየብቻ ታሽጓል፣ ማኅተሙ ተመትቷል። ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው የ40 ሺህ ብሩ ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ከባንክ ከወጣ አራት ቀን ሆኖታል። የቀረው ይዞ ሄዶ ሳጥኑ ውስጥ መክተት ብቻ ነበር።

ጃኬቴን አንስቼ ተነሳሁ። ከዚያ መልሼ ቁጭ አልኩ። ጨረታ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት ይመለሳል። መንገድ ተዘጋጋ፣ ሊፍት ተበላሸ ብሎ ነገር የለም።

እዚህ ቀን ላይ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ።

እኔ ኤክሴል መነካካት እወዳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት አይደለም። ማታ ማታ ዩቲዩብ ከፍቼ፣ አንዷን ፎርሙላ ሦስት አራት ጊዜ እየሞከርኩ ነው የለመድኩት። የቤት ወጪዬንም፣ የእቁብ ተራዬንም በእሱ ነው የምይዘው። አንዷን ቁጥር ስቀይር ሌሎቹ ተከታትለው ሲቀየሩ ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

ቢሮ ውስጥ የጨረታ ቀን የሚይዙት ግን ጸሐፊያችን ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ቀርቷቸዋል። ጠዋት አዲስ ዘመን ጋዜጣ ሲመጣ ቀድመው የሚያነቡት የጨረታውን ገጽ ነው። ለእኛ የሚሆነውን በቀይ እስክሪብቶ ይከቡታል። ከዚያ አጀንዳቸውን አውጥተው መዝጊያው ቀን ላይ ይጽፉታል።

ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው የመዝጊያውን ቀን አይጽፍም። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ብሎ ያልፋል። እትዬ ታዲያ ቅዳሜንና እሑድን፣ በዓላቱን እየዘለሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ። በዋዜማው ወደ ቤት ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም ይሉና «አንተ ልጅ፣ ነገ አለች» ይሉኛል። እሳቸው ይህን ሥራ በያዙበት ዘመን ያመለጠን ጨረታ አላስታውስም።

በ2015 ክረምት እኔ ሠንጠረዥ ሠራሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ የሲፒኦው መጠን፣ መዝጊያው ቀን፣ የቀረው ቀን። ጠዋት ስገባ የዕለቱን ቀን በእኛ አቆጣጠር አናት ላይ እጽፋለሁ፣ የቀረውን ራሱ ያሰላል። አንድ ሳምንት ሲቀር መስመሩ ቢጫ ይሆናል፣ ሦስት ቀን ሲቀር ቀይ። ለሥራ አስኪያጃችን አሳየኋቸው። ጋሼ በጣም ወደዱት። «በቃ ከመስከረም ጀምሮ በዚህ ነው የምንሠራው» አሉ። ለእትዬ «ከእንግዲህ ዕረፍት ነው፣ ምን ያደክምዎታል» ያልኳቸው እኔ ነኝ። በጎ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ያለ ችግር አለፈ። ጥቅምትም እስከ 29 ድረስ።

ያን አርብ ስልኩን ዘግቼ ሠንጠረዡን ከፈትኩት። ጨረታውን ስፈልገው ከሁሉም መጨረሻ፣ ከኅዳሮቹ ሁሉ በታች አገኘሁት። ቀዩም ቢጫውም የለበትም። የቀረው ቀን የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

መዝጊያው ቀን ላይ 30/2/2016 ብዬ ነበር የጻፍኩት። ለእኔ ጥቅምት 30 ነው። ኤክሴል ግን የጻፍኩለትን በፈረንጁ አቆጣጠር ስለሚያነብ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ አነበበው። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በእነሱ ዘንድ የለም። ስለዚህ ቀንነቱን ትቶ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ያዘው። በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ጽሑፍ የሚቀመጠው ከቁጥሮች ሁሉ በታች ነው።

ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ለእሱ 1 ነች፣ ማግስቱ 2፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መስከረም 5 ለማለት 5/1/2016 ስጽፍ እሱ ጃንዋሪ 5 ብሎ ይመዘግባል። ሁለት ወር ሙሉ እኔና እሱ ስለተለያየ ቀን ስናወራ ከርመናል። ጥቅምት 29 እንኳ ያለ ችግር ያለፈችው እ.ኤ.አ. 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን የነበረው ዓመት ስለሆነ ነው። (በነገራችን ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የምትባል፣ ኖራ የማታውቅ ቀን ይቆጥራል። ከእሱ በፊት ከነበረው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከሎተስ 1-2-3 ጋር እንዲስማማ ሲባል ስህተቱን እንዳለ ወርሶታል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ቀን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ካልሆነ አላምንም።)

እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ይህ አይደለም። ኤክሴል የጽሑፍና የቁጥር ልዩነት አስሉልኝ ሲባል ዝም አይልም። «#ቫልዩ!» ብሎ ይጮኻል። ክረምት ላይ ሠንጠረዡን ስሠራ ይህ ጩኸት አስቸግሮኝ ነበር። ቀናቸው ያልታወቀ ጨረታዎች ነበሩ፣ «አልታወቀም» ብዬ ስጽፍባቸው ጎናቸው «#ቫልዩ!» ይመጣል። ለጋሼ የማሳየው ነገር ላይ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ምልክት እንዲታይ አልፈለግሁም። ኢፍኤረር የምትባለውን ፎርሙላ ጨመርኩና ስህተት ሲመጣ ባዶ እንዲያደርገው አዘዝኩት።

ሌላም ምልክት ነበር። ኤክሴል ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። እንደነበረ ብተወው 30/2/2016 ብቻዋን ወደ ግራ ተለጥፋ አያት ነበር። እኔ ግን እንዲያምር ብዬ ዓምዱን በሙሉ መሐል ላይ አድርጌዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሊነግረኝ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ቢሮ ገብቼ ተናገርኩ። አልጮኹብኝም። ወረቀቱን፣ ሲፒኦውን፣ ፖስታውን በየተራ አዩና «ሲፒኦውን ዛሬውኑ ባንክ መልሰው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ያ ወዳጄ የተነበቡትን ዋጋዎች በስልክ ላከልኝ። የእኛ ከሁሉም ያንስ ነበር። ያ ማለት እናሸንፍ ነበር ማለት አይደለም፣ ናሙናውም ሰነዱም ይታያል። ግን ሁለት ልጆች ለዚያ ዋጋ ሲሉ አራት ቀን መርካቶን ሲዞሩ ከርመዋል። እነሱን ዓይናቸውን ማየት ከጋሼ ዝምታ በላይ ከበደኝ።

ወደ ማታ እትዬ ጋ ሄድኩ። ባንክ የሰጣቸው የ2016 አጀንዳ ጠረጴዛቸው ላይ አለ። ጥቅምት 30ን ገለጥኳት። ነጭ ናት። መስከረምንም ገለጥኩ። ያም ነጭ ነው።

«እትዬ፣ ይህን ጨረታ አልያዙትም ነበር?»

«ጋዜጣው ላይ ከብቤ የሰጠሁህ እኔ አይደለሁ? አንተ ይዘኸዋል ብዬ ነዋ ልጄ» አሉኝ።

ቂም አልነበረባቸውም። እሱ ነው የበለጠ ያሳመመኝ። አንድ ቀን ሁለት ቦታ ይያዝ የነበረው፣ በጋዜጣው ቀይ ክብና በአጀንዳው፣ እኔ ስመጣ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ያቺ አንዷ ቦታ ደግሞ ጥቅምት 30ን አታውቅም።

ቅዳሜ ኅዳር 1 ሠንጠረዡን ከሥሩ አፈረስኩት። ስፈትሽ ሌላም ጉድ አገኘሁ። ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 5 አሥር ቀን ነው። ሠንጠረዤ ዘጠኝ ይል ነበር፣ ጥቅምትን 29 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር። መስከረምን ደግሞ 31 ያደርጋታል። ጳጉሜን ላይ ብንደርስ ኖሮ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲባል ጭራሽ አይገባውም።

አሁን ቀኑን በሦስት ሳጥን ነው የምጽፈው። ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ። ስሌቱም እንዲህ ነው። ዓመቱን በ365 አበዛለሁ። ዓመቱን ለ4 አካፍዬ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ እደምርበታለሁ። ከወሩ 1 ቀንሼ በ30 አበዛና እሱንም እደምራለሁ። በመጨረሻ ቀኑን እጨምራለሁ። ለዛሬም ለመዝጊያውም እንዲህ አድርጎ መቀናነስ ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ እኩል 30 መሆናቸው እንዴት ያለ ምቾት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አራት ዓመት እየጠበቀች የምትመጣው ጳጉሜን 6ም በዚያች ማካፈል ትያዛለች። የሚፈልግ ወስዶ ይጠቀምበት፣ እኔ ብዙ ሞክሬዋለሁ።

ኢፍኤረርን አጠፋሁት። ቀኑ ያልታወቀ ነገር ካለ ይጩኽ።

ሰኞ ደግሞ እትዬን አጀንዳቸውን እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። «ለምን ልጄ፣ አስተካከልኩት አላልክም?» አሉ። «እርስዎም ይያዙልኝ» አልኳቸው። ቀዩን እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጡ።

ያን ሰሞን ሳምንት ሳምንት አርብ ከሰዓት አብረን መቀመጥ ጀመርን። እሳቸው ከአጀንዳው ያነባሉ፣ እኔ ከስክሪኑ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መጀመሪያ ላይ ለወግ ያህል ይመስል ነበር፣ ሁሉም ይገጥማልና።

ታኅሣሥ 12 ጋዜጣ ላይ አንድ የቶነር ጨረታ ወጣ። 15 ተከታታይ የሥራ ቀናት ይላል። የሥራ ቀን ቆጠራውንም ለሠንጠረዡ አስተምሬዋለሁ፣ ቅዳሜና እሑድን ያውቃል፣ የበዓላት ዝርዝርም ሰጥቼዋለሁ። ጥር 3 ይዘጋል አለ።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ጥር 2 ነው» አሉ።

እንደገና ቆጠርኩ። ጥር 3። እሳቸውም በጣታቸው ደገሙት። ጥር 2።

«ገናን መቼ ነው ያደረግኸው?»

«ታኅሣሥ 29።»

«ዘንድሮ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። አምና ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ሆናለች። በዮሐንስ ገና በ28 ነው የሚከበረው። እሑድ ይውላል። ሰኞ ሥራ ነው።»

እኔ ሰኞን በዓል ብዬ ዘልያታለሁ። ገና በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ወደ ኋላ እንደምትል ልጅ ሆኜ እናቴ ስትናገር ሰምቻለሁ። ሠንጠረዥ ስሠራ ግን ትዝ አላለኝም። ዩቲዩብ ላይ ያስተማሩኝ ሰዎችም አያውቁትም።

የበዓላቱን ዝርዝር እዚያው ከፍቼ አስተካከልኩ። እትዬ ከጀርባዬ ቆመው አንድ በአንድ እያነበቡ አሳለፉልኝ። መውሊድና ዒዶቹ ላይ ሲደርሱ «እነዚህ በጨረቃ ናቸው፣ ሲቃረቡ እንጠይቃለን፣ ክፍት ተዋቸው» አሉ። ቀናቸው ላይ «አልታወቀም» ብዬ ተውኳቸው። ጎናቸው «#ቫልዩ!» የሚል መጣ። ጋሼ በዚያ ሲያልፉ አይተው «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ይቆይ ጋሼ» አልኳቸው።

ጥር 1 ማታ እትዬ ቦርሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ነገ አለች» አሉ። ፖስታውን ይዤ ነበር ወደ ቤት የሄድኩት። በማግስቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሳጥኑ አጠገብ ስደርስ ገና ማንም አልመጣም ነበር።