ሲኒዎቹ ሲንጫጩ

ዛሬ ጅማ ዝናቡ አላባራም። እህቴ ቤት፣ ሄርማታ፣ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። የሦስት ዓመት ልጇ ግን ላፕቶፑ ፊት ቆማለች። ጌሙ ላይ አንዲት እንቁራሪት አለች፤ ካሜራው ልጅቷን ያያል፣ እሷ ካልዘለለች እንቁራሪቷም አትዘልም። አንድ ካልሲዋ ወልቋል፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታለች፣ ባረፈች ቁጥር ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንጫጫሉ። እናቴ ረከቦቱን በሁለት እጇ ይዛ "እሰይ የኔ ልጅ!" ትላለች።

መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ አብሮ ጠፋ። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ወደ አያቷ ዞረች።

"እማማ፣ አንቺ እንቁራሪት ነሽ። ዝለይ!"

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፣ ተረከዟን ብድግ ብድግ አደረገች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀሱ፣ ስክሪን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ደግሞ ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እኔ እስከዛሬ የምቆጥረው ያቺን 1 ሰዓት ብቻ ነበር። 180ው ደቂቃ ትዝ ብሎኝም አያውቅ። ለልጅ ጌም ስመርጥ ከእንግዲህ የማየው ሲጠፋ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ነው።

መብራቱ ሲመጣ ላፕቶፑን ሊከፍት የተነሳ ሰው የለም። እናቴ ቶናውን ልትቀዳ ጎንበስ ብላለች፣ ትንሿ ቀሚሷን ይዛ "ድገሚ!" ትላታለች።